የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከልጆች ጋር ወደ ሼትላንድ

ሼትላንድ ከስኮትላንድ ዋና ምድር በስተሰሜን፣ አትላንቲክና የሰሜን ባህር በሚገናኙበት ቦታ የሚገኙ ከ100 በላይ ደሴቶች ናቸው። ሰው የሚኖረው በ16ቱ ላይ ብቻ ሲሆን የሕዝቡ ቁጥር ወደ 23 ሺህ ይጠጋል። ዋና ከተማዋ ለርዊክ ትባላለች። ወደዚያ ለመሄድ ያሰቡ አንባቢዎች ከላኩልን ጥያቄዎች መካከል ለሌሎችም የሚጠቅሙትን መርጠን መልሰናል። ወሩ፣ ወቅቱና ሰዓቱ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ ቀን የተጠቀምንበት ቦታ ላይ ስሙን ጠርተን ጽፈናል።

ልጆቻችን የ6፣ የ9 እና የ12 ዓመት ናቸው። የቸኮሉት ፓፊን የምትባለውን ወፍ ለማየት ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በጁላይ መጨረሻ ስለሆነ ለኦገስት አጋማሽ ቤት ልንከራይ ነው። ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ምን ትመክሩናላችሁ? (እናት፣ ከሊድስ)

ቀብዱን አይክፈሉ። በኦገስት አጋማሽ ፓፊን የለም። ወፎቹ ወደ ገደሉ የሚመጡት በኤፕሪል ነው፤ ጥንዶቹ በመሬት ውስጥ ባለ ጉድጓድ አንድ እንቁላል ብቻ ይጥላሉ፣ ወደ 40 ቀን ያህል ይታቀፉታል፣ ጫጩቱን ደግሞ ለስድስት ሳምንት ገደማ ይመግቡታል። ከዚያ በኋላ ምድር ላይ የሚያቆያቸው ነገር ስለማይኖር ወደ ባህር ይሄዱና እስከሚቀጥለው ጸደይ አይመለሱም። መሄድ የሚጀምሩት በጁላይ መጨረሻ ነው፤ ኦገስት በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ትናንት በመቶ የሚቆጠሩ የነበሩበት ገደል በሳምንት ውስጥ ባዶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቤተሰብ የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው፤ በማስታወቂያው ሥዕል ላይ የምትታየው ወፍ የበጋው ወፍ ናት ብሎ ያስባል፣ በጋው ግን ለእሷ ቀድሞ ያልቃል።

እንግሊዝ አገር ለሚማሩ ልጆች ሁለት አማራጭ አለ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት መነሳት ነው፤ ሦስት ቀን ማዘግየት እንኳ ለውጥ ያመጣል። ሁለተኛው፣ እኛም የምናስበልጠው፣ በሜይ የመጨረሻ ሳምንት ያለው የግማሽ መንፈቅ ዕረፍት ነው። ብርዱ ትንሽ ይበረታል፣ ነገር ግን ወፉ ሁሉ በቦታው ነው። ኦገስትን መቀየር ካልቻሉ ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሯቸው። ጋኔት የሚባለው ትልቁ ነጭ የባህር ወፍ፣ ኦተር የሚባለው ዓሣ አጥማጅ እንስሳ፣ አቆስጣውና ኦርካ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ዓሣ ነባሪ በኦገስትም አሉ።

ቦታውን በተመለከተ ከትንሽ ልጅ ጋር የሚሻለው ሰምበራ ሄድ ነው፤ በዋናው ደሴት ደቡብ ጫፍ፣ በ1821 የተሠራው መብራት ቤት ያለበት ገደል። ከመኪና ማቆሚያው ጀምሮ ጥርጊያ መንገድ አለው፤ ከሁሉም በላይ ግን በገደሉ አፋፍ የድንጋይ አጥር አለ። የፓፊኖቹ ጉድጓድ ከአጥሩ ማዶ፣ አንዳንዱ ከአጥሩ ሥር ስለሆነ ልጁ ከእጅ ርዝመት ብዙም በማይርቅ ወፍ ፊት ሊቆም ይችላል። አጥሩ ላይ መውጣትና ተንጠራርቶ ማየት ግን ፈጽሞ አይቻልም። ከአጥሩ ማዶ ያለው ሣር ጠንካራ ይምሰል እንጂ ከሥሩ በወፎቹ ተቦርቡሯል፤ እግር ሲያርፍበት ይደረመሳል፣ ሥሩ ያለው ጫጩትም ይቀበራል።

እኩለ ቀን ላይ ሄደው ሁለት ሦስት ወፍ ብቻ ቢያዩ አይደነቁ፣ በዚያ ሰዓት ብዙዎቹ ባህር ላይ ናቸው። ከ18:00 በኋላ ይሂዱ። አንዷን ወፍ ዓሣ ይዛ ስትመጣ ካዩ እሷን ይከተሉ፤ ቀጫጭን ዓሦች በምንቃሯ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው ይታያሉ። ላንቃዋ ላይ ወደ ኋላ የዞሩ እሾህ መሳይ ነገሮች ስላሉ የያዘችውን በምላሷ ወደዚያ ገፍታ አጥብቃ ሌላ ልታጠምድ ትችላለች። ከማረፏ በፊት ደጋግማ ትዞራለች፤ ስታርፍ ደግሞ ነጣቂ ወፍ እንዳይቀማት በሩጫ ትገባለች። ልጆቹ ጸጥ ብለው ከተቀመጡ ተመልሳ ስትወጣም ያዩዋታል። ዓሣ የምትሸከም ወፍ ካለች ጉድጓዱ ውስጥ ጫጩት ገና አለ ማለት ነው፤ በጁላይ መጨረሻ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንን ነው።

የምንኖረው ስቶክሆልም ነው። እኔና ልጆቼ የስዊድን ፓስፖርት አለን፣ ባለቤቴ ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ነው ያለው። ለደሴቶቹ የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል?

የተለየ ፈቃድ የለም፤ ሼትላንድ የዩናይትድ ኪንግደም አካል ናት። እርስዎና ልጆችዎ ከኤፕሪል 2 ቀን 2025 ጀምሮ ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ግዴታ የሆነውን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ከመነሳታችሁ በፊት ማውጣት አለባችሁ። ለሕፃንም ለብቻው ይወጣል። ባለቤትዎ የጎብኚ ቪዛ ማውጣት ይኖርባቸዋል። የሸንገን መኖሪያ ፈቃድ ዩናይትድ ኪንግደም አያስገባም፤ ይህ ብዙ ጊዜ አየር ማረፊያ ላይ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት አይቁረጡ።

በመርከብ ይሻላል ወይስ በአውሮፕላን? የ7 ዓመቱ ልጄ መኪና ውስጥ እንኳ ያስመልሰዋል። (አባት፣ ከበርሚንግሃም)

ከአንድ በላይ ልጅና ብዙ ጓዝ ካለ በመርከብ እንላለን። ምክንያቱ መኪናው ነው። የደሴቶቹ አውቶቡስ ጥሩ ቢሆንም ወፍና እንስሳ በሚታይበት ሰዓት አይሠራም፣ በጁላይ ኪራይ መኪና ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

የኖርዝሊንክ መርከብ ከአበርዲን ማታ ይነሳል። በቀጥታ ሲሄድ 19:00 ላይ ተነስቶ በማግስቱ 7:30 ላይ ለርዊክ ይደርሳል፤ በኦርክኒ በኩል በሚያልፍበት ቀን ደግሞ መነሻው 17:00 ነው። ልጅ የሚያስመልሰው ከሆነ ቀጥታውን ይምረጡ። አራት አልጋ ያለው ክፍል ይያዙ እንጂ ወንበር ላይ እናድራለን አይበሉ። የታመመ ልጅ ካልተጋደመ አይሻለውም። ክፍሎቹ ለበጋ የሚያልቁት ገና በክረምት ስለሆነ ከቤቱ ኪራይ በፊት የመርከቡን ክፍል ያረጋግጡ። ሲይዙ ከመርከቡ መሃል የሚገኝ፣ ዝቅ ያለ ወለል ላይ ያለ ክፍል ይጠይቁ፤ ጫፍና ጫፉ እንደ ዥዋዥዌ ከፍ ዝቅ ሲል መሃሉ ብዙ አይንቀሳቀስም።

መድኃኒቱን ለልጁ ዕድሜ የሚስማማውን ከፋርማሲ ጠይቀው ይግዙ፤ ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ሲናሪዚን ያለበት ዓይነት ከጉዞው 2 ሰዓት፣ ሃዮሲን ያለበት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ይወሰዳል። ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ቢውጠው ተመልሶ ይወጣል። ሁለቱም እንቅልፍ ያመጣሉ፣ በሌሊት ጉዞ ይህ ጉዳት አይደለም። ራቱ ቀለል ያለ ይሁን፤ ባዶ ሆድም ጥጋብም አይሆንም።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ መርከቡ ከተነሳ በኋላ ወደ መኪናው መውረድ አይፈቀድም። የሌሊት ልብስ፣ መድኃኒት፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ቅያሪና ፌስታል በአንድ ትንሽ ቦርሳ ለብቻ አውጥተው ይያዙ። የአዋቂዎቹን ፎቶ ያለበት መታወቂያም እንዲሁ።

በአውሮፕላን የሚሄዱ ሰዎች የሚያርፉት ሰምበራ ነው፣ ከለርዊክ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ። በበጋ የባህር ጉም በረራ ሊያስቀር ስለሚችል በመመለሻው ቀን ከለንደን የሚነሳ ሌላ ረጅም በረራ አያያይዙ።

ኦተር ለማየት ሦስት ቀን መድበናል። ሰዎች ዕድል ነው ይላሉ። ዕድል ብቻ ነው? (ቤተሰብ፣ ከአምስተርዳም)

ዕድል ግማሹ ነው። የቀረው የባህሩን መሸሽና የነፋሱን አቅጣጫ ማወቅ ነው።

ለማያውቁት፦ ኦተር ረጅም፣ ቡናማ፣ ዓሣ እያጠመደ የሚኖር አራት እግር እንስሳ ነው። በሌላው አውሮፓ በአብዛኛው የሌሊት እንስሳ ሲሆን በሼትላንድ ግን ቀን በባህሩ ዳር ያድናል። እንደ አቆስጣ ስብ ስለሌለው ሙቀቱን የሚጠብቅለት ጸጉሩ ብቻ ነው፤ ጨው ደግሞ ጸጉሩን ያበላሸዋል። ስለዚህ በየጊዜው ጨው በሌለው ውሃ መታጠብ አለበት። ፍለጋው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ካርታ አውጥታችሁ ትንሽ ጅረት ወይም ኩሬ ከባህሩ የሚገናኝበትን፣ ከማዕበል የተከለለ፣ የባህር አረም የሞላበት ዳርቻ ምረጡ። የል የተባለችው ደሴት በዚህ የታወቀች ናት፤ ከዋናው ደሴት ቶፍት ከሚባለው ወደብ በፌሪ 20 ደቂቃ ያህል ነው።

ከዚያ የባህሩን ሰዓት ተመልከቱ። ከፍተኛው ውሃ መሸሽ ከጀመረበት እስከ ዝቅተኛው ድረስ፣ በተለይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዓታት፣ ጥሩ ጊዜ ነው። ውሃው ሲሸሽ የባህር አረሙ ወደ ላይ ይቀርባል፣ በውስጡ የተደበቁት ትናንሽ ዓሦችም በአጭር ጠለቃ ይገኛሉ።

ቀጥሎ ነፋሱ። ከነፋሱ ጋር ፊት ለፊት ሆናችሁ ሂዱ። ኦተር በዓይኑ ከሩቅ ብዙም አይለይም፣ ሽታ ግን ወዲያው ያውቃል። ነፋሱ ከጀርባችሁ ከሆነ ቦታ ቀይሩ እንጂ አትድከሙ፤ ገና ሳታዩት ይሄዳል። ስትቀመጡ ከሰማይ ጋር ጥላችሁ እንዳይታይ ድንጋይ ወይም ተዳፋት ከጀርባችሁ ይሁን። ሲንቀሳቀስ ኮሽ ኮሽ የሚል የዝናብ ጃኬት ከላዩ ላይ ሹራብ ይደረብበት።

ውሃው ላይ የሚታየው ጭንቅላት የኦተር ነው የአቆስጣ? የአቆስጣው ክብ ነው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያያችኋል፣ ሲጠልቅ ዝም ብሎ ይሰምጣል። ኦተሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ጭንቅላት፣ ጀርባና ጅራት ለየብቻ ይታያሉ፣ ሲጠልቅ ደግሞ የመጨረሻዋ ነገር ቀጥ ብላ የምትነሳው የጅራቱ ጫፍ ናት። ያቺን ጅራት ስታዩ ተነሱና ተራመዱ። ሲጠልቅ 20 ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ እናንተ 10 ቁጠሩና ባላችሁበት ቁጭ በሉ። ወጣ፣ አትንቀሳቀሱ። ጠለቀ፣ ተራመዱ። ይህን ሕግ ልጆች እንደ ጨዋታ ስለሚይዙት ከአዋቂው ይልቅ አክባሪዎቹ እነሱ ናቸው። ትንሽ ዓሣ ከያዘ እዚያው ውሃው ላይ ይበላዋል። ትልቅ ከሆነ ወይም ኦክቶፐስ ከሆነ ግን ወደ ዳር ይዞት ይወጣል፤ ያኔ ማኘኩን እስክትሰሙ ድረስ ልትቀርቡ ትችላላችሁ።

የማይሠራው ምንድን ነው? ሙሉ ቤተሰቡ አንድ ላይ መሄድ። አምስት ሰው ካላችሁ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ከ45 ደቂቃ በላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ የ6 ዓመት ልጅ ስለሌለ ለትንሹ መኪናውን ተጠቀሙ፤ በፌሪ ወደብ አካባቢ ሞተር አጥፍቶ በመስኮት ማየት ብዙ ጊዜ ከእግር ጉዞው የተሻለ ያሳያል። ጎሬውን ፈልጎ መቅረብ ግን በሕግ የተከለከለ ነው።

ለልጅ ምን ዓይነት ባይናኩላር ይገዛ?

ለአዋቂ 8 በ42፣ ለልጅ 8 በ32 ወይም 6 በ30። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። 12 እጥፍ የሚለውን አይግዙ፤ የእጅን መንቀጥቀጥም 12 እጥፍ ያደርገዋል፣ በሼትላንድ ነፋስ ደግሞ ምንም አይታይበትም። ልጁ «ሁለት ክብ ነው የማየው» ካለ መሣሪያው ለዓይኑ ርቀት አልጠበበም ማለት ነው፣ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ራሱ አድርጎ ይሞክረው። ሲያስተካክሉ ቀኙን ሸፍነው በመሃሉ መዘውር የግራውን ዓይን ያጥሩ፣ ከዚያ ግራውን ሸፍነው በቀኙ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ ያዙሩ። ይህን ሳያደርጉ ነው ብዙ ሰው ዕቃው መጥፎ ነው የሚለው።

እኛ ግላስጎ ነን፣ ልጆቹ ጁን መጨረሻ ላይ ይዘጋሉ። ሙሳ ደሴት ላይ በሌሊት የሚታዩት ወፎች ለ8 ዓመት ልጅ ይሆናሉ?

የስኮትላንድ ትምህርት ቤት ጥቅሙ ይህ ነው፣ ተጠቀሙበት። የሌሊቱ ጉዞ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ብቻ ስለሆነ እንግሊዝ ያሉት በበጋ ዕረፍታቸው አይደርሱበትም።

ሙሳ ሰው የማይኖርባት ደሴት ናት። ከ2000 ዓመት በፊት ያለ ጭቃ፣ በደረቅ ድንጋይ የተካበ፣ 13 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ክብ ግንብ አለባት። ስቶርም ፔትረል የምትባለው ጥቁር ወፍ በግንቡ ድንጋዮች መካከልና በዳርቻው ክምር ውስጥ ትፈለፍላለች፤ ክብደቷ 25 ግራም ገደማ ነው፣ ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም። ቀን ከመጣች ትልልቆቹ ወፎች ስለሚበሏት ወደ ጎጆዋ የምትመለሰው ሲመሽ ብቻ ነው። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው 22:30 ገደማ ስለሆነ ጀልባው የሚነሳው በዚያው አካባቢ ሰዓት ነው፤ የምትመለሱት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

ለ8 ዓመት ልጅ ይሆናል፣ ቀን ላይ ከተኛ። ችግሩ ወፉ አይደለም፤ ከጀልባው ወርዶ በድንግዝግዝ ባልተስተካከለ መሬት 20 ደቂቃ ያህል መራመዱና ከዚያ ቆሞ መጠበቁ ነው። ያኔ ነው ብርዱ የሚገባው። ሁለት ሹራብ፣ ጓንት፣ የሱፍ ኮፍያና ፔርሙዝ ሻይ ያስፈልጋል። ጆሮን ከግንቡ አጠገብ ሲያደርጉ ድንጋዩ ውስጥ እንደ ድመት የሚያጉረመርም፣ መጨረሻው ላይ ስቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ባትሪ ወፎቹ ላይ አይበራም፣ የካሜራ ፍላሽም ክልክል ነው። ስልኩን ከጀልባው ሳይወርዱ ያጥፉት። ባህሩ ካልፈቀደ ጉዞው ይሰረዛል፤ ስለዚህ ትኬቱን ለቆይታችሁ መጀመሪያ ምሽቶች ያዙ እንጂ ለመጨረሻዋ ቀን አታስቀምጡ።

ትልልቅ ወፎች ሰው ራስ ላይ ይወርዳሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ቦንክሲ የሚሉት ትልቁ ስኩዋ ጎጆው አጠገብ ለደረሰ ሰው ከፊት ለፊት እየበረረ ይመጣል፤ ክንፉ ሲዘረጋ 1.3 ሜትር ያህል ስለሆነ ልጅ ይደነግጣል። የሚያነጣጥረው ከፍ ያለውን ነገር ስለሆነ አዋቂው ከዘራ ወይም እጁን ከራሱ በላይ ያንሳ፣ ወፉን ግን አይምታ፤ ልጁን አጠገቡ ይዞ በመጣበት ይመለስ። በኧንስት ደሴት፣ ሄርማነስ በሚባለው የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ፣ የእንጨቱን መንገድ ካልለቀቃችሁ ብዙም አይደርስባችሁም። እዚያ ገደሉ አጥር የለውም፣ ሣሩም ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ እጁ ይያዝ። በ2022 የወፍ ጉንፋን ቦንክሲዎቹን ክፉኛ ፈጅቷቸዋል፣ ስለዚህ የሞተ ወፍ አይነካም፣ ላባም አይሰበሰብም።

ኦርካ በእርግጠኝነት ማየት ይቻላል?

በእርግጠኝነት የሚል አስጎብኚ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ። ኦርካዎቹ አቆስጣ ለማደን በባህሩ ዳር ይዞራሉ፣ አንዳንዴም ከድንጋዩ ጥቂት ሜትር ድረስ ይጠጋሉ፤ ዛሬ ሰሜን ናቸው፣ ነገ ደቡብ። የአካባቢው ሰዎች ያዩበትን ቦታ ወዲያው ፌስቡክ ላይ ይጽፋሉ። ጽሑፉን ስታዩ ወዳሉበት አትሩጡ፣ ወደሚሄዱበት ቅደሙና ከፍ ያለ ቦታ ሆናችሁ ጠብቁ። መንገዶቹ ጠባብ ስለሆኑ መተላለፊያ ተብሎ በሰፋው ቦታ ላይ መኪና አታቁሙ፤ አምቡላንስም የሚያልፈው በዚያው ነው።

በጁንና ጁላይ ዳርቻው ላይ ብቻውን የተኛ የአቆስጣ ግልገል ብታዩም እናቱ ጥላው ሄዳ አይደለም። ወደ ውሃው አትግፉት፣ ልጆችም አይቅረቡት፤ ይነክሳል።

እንጾማለን፤ እዚያ ምን እንበላለን? (ከለንደን)

መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ፣ ሊመቻችሁ ይችላል። ጾመ ሐዋርያት የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ ማለትም ኦገስት 7። ከላይ የጠቀስነው የእንግሊዝ ልጆች ሳምንት መሃላቸው ላይ ስለሚወድቅ የሚቀራችሁ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። የሜይ መጨረሻም ብዙ ጊዜ በዓለ ሃምሳ ውስጥ ይውላል፣ ያኔ ጭራሽ ጾም የለም።

ለጾሙ ቀን ምግብ ቤት ላይ አትመኩ፤ ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራዩ። ለርዊክ ውስጥ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ስላሉ ምስር፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ጎመንና ዘይት አይቸግርም። ሽሮና በርበሬ ግን ከቤት ይያዝ። እንጀራውን በእያንዳንዱ መሃል የመጋገሪያ ወረቀት አድርጋችሁ፣ በአንድ ቀን የሚበላውን በአንድ ፌስታል ጠቅልላችሁ አቀዝቅዙትና በማቀዝቀዣ ቦርሳ ያዙት። ቦርሳው ከሞላ ቅዝቃዜው ይቆያል፤ ባዶ ቦታ ከቀረ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ ሙሉበት። የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙት፣ ይፈረካከሳል። ዓሣ የምትበሉ ከሆነ ደግሞ የሼትላንድ ሃዶክ ከየትም አያንስም።

መዥገር አለ ሲሉ ሰማሁ። ለልጆቹ ያሰጋል?

አለ። ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ተቀምጦ የሚያልፈውን ይይዛል፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ማስገባት ይረዳል። ማታ ማታ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጆሮ ኋላና የጸጉር መስመር ይታይ። ገና ያልጠባው ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳል፣ ስለዚህ በጣት ዳብሱ። ከተገኘ ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙና ሳታጣምሙ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ቅቤ፣ ቫዝሊን ወይም እሳት አታስነኩት፤ ሲጨነቅ በሆዱ ያለውን ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል። ቦታውን በሳሙና አጥባችሁ ቀኑን ጻፉ። በሚቀጥሉት ሳምንታት እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ወይም እንደ ጉንፋን ያለ ሕመም ከታየ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ሼትላንድ ነበርን፣ በዚህ ቀን መዥገር ነቅለናል ብላችሁ ንገሩት።